ኦርደሩ ሪፕሊካው ላይ አለ፣ ዝርዝሩ የለም፤ ትራንዛክሽን ግማሹ ብቻ ይደርሳል እንዴ?

ጀማሪዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ዳታቤዝ ዋና ሥራዬ አይደለም፣ ባክኤንድ ነው የምጽፈው። ባለሙያው ሲለቅ "አንቺ ትንሽ ትሞክሪያለሽ" ተብሎ ተረከብኩት። እየሞከርኩ ነው።

ያለን ማይኤስኪውኤል 5.7 ነው። አንድ ማስተር (ዋናው ሰርቨር)፣ አንድ ሪፕሊካ (የእሱ ቅጂ)። ባይንሎጉ (ማስተሩ ለውጦቹን መዝግቦ ለሪፕሊካው የሚልክበት ሎግ) ሮው ፎርማት ነው፣ ማለትም የሚጻፉት የተቀየሩት ረድፎች ራሳቸው ናቸው፤ ጂቲአይዲ (ለእያንዳንዱ ትራንዛክሽን የሚሰጥ መለያ) አልተከፈተም። አፕሊኬሽኑ ማስተሩ ላይ ይጽፋል፣ ሪፖርቶች ከሪፕሊካው ያነባሉ።

ሰኞ ዕለት ከሂሳብ ክፍል አንዷ መጥታ የወሩ ሪፖርት ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አልገጥም አለ አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ "ሪፕሊካው ትንሽ ዘግይቶ ይሆናል፣ ቆየት ብለሽ ሞክሪ" ብዬ ሸኘኋት። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ልዩነቱ ያው ነው፣ ቅንጣት አልተቀየረም። መዘግየት ቢሆን እስካሁን ይደርስ ነበር።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የኦርደር ቴብሉ ሁለቱም ጋ እኩል ነው። የኦርደር ዝርዝሩ ግን ሪፕሊካው ላይ 17 ረድፍ ይጎድለዋል። 17ቱም የአንድ ኦርደር ናቸው፦ ቁጥር 884213፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የገባ።

እዚህ ላይ ነው ግራ የገባኝ። ኦርደሩ ራሱ ሪፕሊካው ላይ አለ። ኮለም በኮለም አመሳከርኩት። ደንበኛው፣ ድምሩ፣ ቀኑ፣ ሁኔታው፣ ሁሉም ልክ ነው። ኮዱን የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ኦርደሩ፣ ዝርዝሮቹና የስቶክ ቅነሳው በአንድ ትራንዛክሽን ነው ኮሚት የሚደረጉት። ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም አይደል የተባልነው? ታዲያ ራሱ ደርሶ እግሩ የት ቀረ?

ሾው ስሌቭ ስታተስ ሁለቱንም ትሬድ "የስ" ይላል። መዘግየት 0 ሰከንድ። የስህተት ቦታው ባዶ ነው። ሁሉም አረንጓዴ፣ ዳታው ግን የተሳሳተ። እባካችሁ።

ቶሎ በል

ለምን ታካብጃለሽ? ፒቲ ቴብል ሲንክ አለልሽ። አስኪጂው፣ ልዩነቱን ራሱ ፈልጎ ያስተካክለዋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሮጌ ሰርቨር

ቆይ እህቴ፣ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ። ሲንኩን አሁን እንዳታስኬጂው። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ አረንጓዴው። ሾው ስሌቭ ስታተስ የሚነግርሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትሬድ ሎጉን ከማስተሩ እየጎተተ ነው፣ ሁለተኛው የተጎተተውን እያስገባ ነው። በቃ። "ዳታው አንድ ነው" አላለሽም። ሁለቱን ዳታ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያስተያይ ማንም የለም። ፖስተኛው ደብዳቤ ማድረሱን እንጂ ሳጥንሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ትክክል መሆኑን አይነግርሽም።

እስቲ ሦስት ነገር አይተሽ ንገሪን።

አንድ፣ የሪፕሊካውን ኤረር ሎግ ኦርደሩ ወደገባበት ቀን ተመለሺና እይ። 1062 ወይም 1032 የሚል ቁጥር ፈልጊ። 1062 ማለት ሊያስገባ የመጣው ረድፍ ቁልፉ ቀድሞ ተይዟል ማለት ነው። 1032 ደግሞ ሊያስተካክል ወይም ሊሰርዝ የመጣውን ረድፍ አጣው ማለት ነው። ሁለቱም የሪፕሊካ ጩኸቶች ናቸው።

ሁለት፣ ሪፕሊካው ላይ ሪድ ኦንሊ (መጻፍን የሚከለክለው) በርቷል? ከበራ ሱፐር ሪድ ኦንሊስ (የሱፐር መብት ያለውንም የሚከለክለው)? የሱፐር መብት ያለው አካውንት በማን እጅ ነው?

ሦስት፣ 884213 ከገባ በኋላ ተነክቷል? ሁኔታው ተቀይሯል? ይቺ ሦስተኛዋ ተራ ጥያቄ ትመስላለች፣ ግን እንቆቅልሽሽን የምትፈታው እሷ ትመስለኛለች።

ስለ ሲንኩ። ፒቲ ቴብል ሲንክ ሪፕሊካን ለማስተካከል ስታዢው የሚጽፈው ማስተሩ ላይ ነው። የተለየውን ረድፍ ማስተሩ ላይ ሪፕሌስ ያደርገዋል። ማስተሩ ጋ ምንም አይቀየርም፣ በባይንሎጉ በኩል ግን ሪፕሊካው ጋ ሄዶ ያስተካክላል። ብልህ አሠራር ነው። ችግሩ ሪፕሌስ ማለት መሰረዝና እንደገና ማስገባት መሆኑ ላይ ነው። ረድፉ በፎሪን ኪይ (አንዱን ቴብል ከሌላው በሚያስረው ቁልፍ) ልጆች ካሉትና ኦን ዲሊት ካስኬድ (አባት ሲሰረዝ ልጆቹም ይሰረዙ) ከተባለ፣ መሣሪያው ሳይፈትሽ ካለፈው ልጆቹ ማስተሩ ላይ ይሰረዛሉ። አባትየው ይመለሳል፣ ልጆቹ አይመለሱም። ሪፕሊካውን አክማለሁ ብለሽ ማስተሩን ትገድያለሽ። አዳዲሶቹ ስሪቶች እንዲህ ያለውን ቴብል አይተው ይዘሉታል፣ ፍተሻው ግን ሊጠፋ ይችላል። የመሣሪያው ማኑዋል ራሱ ያስጠነቅቃል፣ ግን ማኑዋል ማን ያነባል።

ቶሎ በል

ካስኬዱን አላሰብኩትም፣ አመሰግናለሁ። እኔ ሁልጊዜ እንደዛ ነው የማደርገው፣ እስካሁን ተርፌያለሁ ማለት ነው።

ጀማሪዋ

ጋሽ ሰርቨር፣ ጠንቋይ ነህ እንዴ?

ኤረር ሎጉ ላይ አገኘሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ 1062፣ ፕራይመሪ ኪዩ ላይ '884213' ተደግሟል ይላል። ከ7 ደቂቃ በኋላ ሪፕሊኬሽኑ ተመልሶ ተነስቷል። በመካከሉ ምን እንደተደረገ ለማየት የሰርቨሩን የትእዛዝ ታሪክ ከፈትኩ። የለቀቀው ባለሙያችን ሁለት መስመር ጽፏል። ስሌቭ ስኪፕ ካውንተር እኩል 1 (የቆምክበትን አንድ ዝለል ማለት ነው)። ከዚያ ስታርት ስሌቭ። እንቅልፉን ቀጠለ መሰለኝ።

ሪድ ኦንሊ በርቷል። ሱፐር ሪድ ኦንሊ ግን አልበራም። ስጠይቅ ሳጠያይቅ አንዱ ባልደረባዬ አመነ። ያን ምሽት አዲስ ኮለም እየሞከረ ነበር። የሙከራ ሰርቨሩን የከፈተ መስሎት ሪፕሊካውን ከፍቷል፣ በሩት አካውንት። አንድ ኦርደር ብቻ በእጁ ኢንሰርት አድርጎ፣ ኮለሙን አይቶ ዘጋው። የደንበኛውን ስም "ቴስት ቴስት" ነው ያልኩት ይላል።

ሦስተኛው፦ አዎ፣ ኦርደሩ ከሁለት ቀን በኋላ "ተልኳል" ወደሚል ተቀይሯል።

ግን አሁን ይበልጥ ግራ ገባኝ። "ቴስት ቴስት" የት ሄደ? አሁን እዚያ ቁጥር ላይ ያለው ትክክለኛው ደንበኛ ነው። ባልደረባዬ አልሰረዝኩም ብሎ ይምላል።

አሮጌ ሰርቨር

አልሰረዘም፣ እመኚው። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው።

ልጁ ሪፕሊካው ላይ ኢንሰርት ሲያደርግ ሪፕሊካው ቀጣዩን ቁጥር ሰጠው፣ 884213። ማስተሩ ይህን አያውቅም፤ ወሬ የሚሄደው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ቆይቶ እውነተኛ ደንበኛ መጣና ማስተሩም ያንኑ ቁጥር ሰጠው። ይሄ በባይንሎጉ ወርዶ ሪፕሊካው ጋ ሲደርስ ወንበሩ ተይዟል። 1062። ቆመ።

እስከዚህ ድረስ ሪፕሊካው ምንም አላጠፋም። ግራ ሲገባው ቆሞ ጮኸ፣ ሥራውም እሱ ነው።

ጥፋቱ ቀጥሎ ነው የመጣው። ስኪፕ ካውንተር 1 ሲባል ብዙ ሰው አንድ ረድፍ የሚዘለል ይመስለዋል። አይደለም። በኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል መደበኛ የማከማቻ ሞተር) ቴብሎች ላይ የሚዘለለው ትራንዛክሽኑ በሙሉ ነው። የተጋጨው አንድ ረድፍ ነው፤ የተጣለው ግን ኦርደሩ፣ 17ቱ ዝርዝርና 17ቱ የስቶክ ቅነሳ ነው። 35 ለውጥ በአንዲት "1"። ሰውየው ግን አንዲት ስህተት እንደዘለለ አስቦ ነው የተኛው።

ስለዚህ የጥያቄሽ መልስ፦ ትራንዛክሽኑ ግማሹ አልደረሰም። ጭራሽ አልደረሰም። አሁን የምታዪው የኦርደር ረድፍ በሌላ መኪና የመጣ ነው።

በየትኛው? ከሁለት ቀን በኋላ "ተልኳል" በተባለበት። ሮው ፎርማት ላይ ሮው ኢሜጁ (ከረድፉ ምን ያህሉ ባይንሎጉ ላይ እንደሚጻፍ የሚወስነው ቅንብር) ሳይነካ ከተተወ ፉል ነው። ማስተሩ አንድ ኮለም ቢቀይርም ባይንሎጉ ላይ የሚጻፈው ረድፉ በሙሉ ነው፣ ከለውጡ በፊት የነበረውና በኋላ የሆነው። ሪፕሊካው ይህን ሲቀበል ረድፉን የሚፈልገው በፕራይመሪ ኪዩ ነው። 884213 አለ? አለ። "ቴስት ቴስት" ይሁን ሌላ አይጠይቅም፣ የድሮውን ምስል ካለው ጋር አያመሳክርም። አዲሱን ሙሉ ረድፍ ከላዩ ላይ ይጭነዋል። ቴስት ቴስት እዚያው ተቀበረ። ሮው ኢሜጁ ሚኒማል ቢሆን ኖሮ የሚቀየረው ሁኔታው ብቻ ነበር፣ "ቴስት ቴስት ተልኳል" የሚል ኦርደር ታገኚ ነበር። ያኔ ቶሎ ይነቃ ነበር።

ዝርዝሩን ግን ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም መሰለኝ። ስለዚህ የሚያድነው መኪና አልመጣም። አንዱን እንኳ ማስተሩ ላይ አስተካክላችሁ ቢሆን 1032 ብሎ ይጮህ ነበር።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ሪፕሊካችን በየጊዜው ሲቆም ሰለቸኝና ስክሪፕት ጻፍኩ። በየደቂቃው ያያል፤ ቆሞ ካገኘው አንድ ዘልሎ ያስነሳዋል። ስሙን "አስታማሚ" አልኩት። ኮራሁበትም። አራት ወር ሰላም ሆነ፣ ስልኬ አልጮኸም። አንድ ቀን የማስተሩ ዲስክ ሞተ። ሪፕሊካውን ማስተር አደረግነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልኩ ሁሉ መጮህ ጀመረ። አራት ወር ሙሉ እያስታመምኩ የነበረው ሬሳ ነበር። ከባክአፕና ከወረቀት እያመሳከርን ለመጠገን ሁለት ሳምንት ፈጀብን፣ ሁሉንም አላገኘነውም።

አሁን ስቶኩን እይልኝ። የአብዛኞቹ እቃዎች ቁጥር ራሱ የተስተካከለ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ማስተሩ ላይ አንድ ጊዜ ከተሸጡ ሙሉው ረድፍ ወርዶ ያርማቸዋል። ያልተሸጡትን ፈልጊ። (ስቴትመንት ፎርማት ብትሆኑ ኖሮ "ካለው ላይ 3 ቀንስ" የሚለው ትእዛዝ ነበር የሚወርደው። የተሳሳተ ቁጥር ላይ 3 ሲቀንሱ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚገኘው፣ ለዘላለም።)

ዝም ብሎ አንባቢ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ሴሚ ሲንክ ቢከፍቱ ይህ አይቀርም ነበር?

አሮጌ ሰርቨር

አይቀርም። ሴሚ ሲንክ የሚጠብቀው ሪፕሊካው ሎጉን መቀበሉን ነው። እዚህ ሎጉ ደርሷል፤ የጣለው ሰው ነው። ሴሚ ሲንክ ለሌላ በሽታ ነው፣ ማስተሩ ድንገት ሲሞት ኮሚት የተባለ ነገር አብሮት እንዳይጠፋ።

ያኛውም በሽታ ቀላል አይደለም። ጊትሀብ ላይ በጥቅምት 2018 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የደረሰውን አንብብ። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የነበረው የኔትወርክ ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። አውቶማቲኩ ፌይልኦቨር (ማስተር ሲጠፋ ሌላ የሚተካው ሥርዓት) ማስተርነቱን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረ። ምሥራቁ ጋ ግን ወደ ምዕራብ ገና ያልተሻገሩ ጥቂት ሰከንድ ጽሑፎች ነበሩ። ምዕራቡም የራሱን መጻፍ ጀመረ። ሁለቱም ጋ ሌላው የሌለው ዳታ ተፈጠረ። በ43 ሰከንድ የመጣውን ለማስተካከል 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ። እነሱ ዳታውን ላለማጣት ብለው አገልግሎቱ እየተጎተተም ቢሆን ጊዜ ወሰዱ። ልክ ነበሩ እላለሁ።

ዝሆኑ

ይሄኔ ነው ፖስትግሬስ (ሌላው ዳታቤዝ) የሚናፍቀው። ስትሪሚንግ ስታንድባይ (የኛ ሪፕሊካ) ላይ ሱፐርዩዘርም ብትሆን ኢንሰርት አያስደርግህም። ገጹን እንዳለ ነው የሚገለብጠው፣ "አንድ ዝለልልኝ" የሚባል ትእዛዝም የለም።

እውነቱን ለመናገር እኛም ጋ ጉድ አለ። ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ያለው የጂሊብሲ (የሊነክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) ስሪት ከተለያየ የጽሑፍ ፊደል አደራደሩ ይለያያል። በተለይ ከ2.28 በፊትና በኋላ ያሉት። ዳታው ቢት በቢት አንድ ነው፣ ኢንዴክሱም እንዲሁ። ግን ስታንድባዩ ኢንዴክሱን በራሱ የፊደል ቅደም ተከተል ሲሄድበት ያለውን ረድፍ "የለም" ይላል። አምቼክ የሚባለውን ኤክስቴንሽን አስነስታችሁ ኢንዴክሶቹን እስክትፈትሹ ድረስ ማንም አይነግራችሁም።

ጀማሪዋ

ስቶኩን አየሁ። ከ17ቱ እቃዎች 15ቱ ሁለቱም ጋ እኩል ናቸው። 2ቱ ይለያያሉ። ሁለቱም ከዚያን ቀን ወዲህ አልተሸጡም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። የመደርደሪያ ቦታ የሚባል ቴብል አለን፣ እቃው መጋዘን ውስጥ የት እንዳለ የሚናገር። በፎሪን ኪይ ከስቶክ ጋር የታሰረ ነው። ኦን ዲሊት ካስኬድ ነው። ሲንኩን አስኬጄው ቢሆን የነዚያ የ2ቱ እቃዎች ቦታ ማስተሩ ላይ ይጠፋ ነበር ማለት ነው?

አሮጌ ሰርቨር

አዎ። የመሣሪያሽ ስሪት ያረጀ ወይም ፍተሻው የጠፋ ቢሆን ኖሮ ይጠፋ ነበር፤ አለዚያ ቴብሉን ይዘለው ነበር። ደግነቱ አላስኬድሽውም።

አሁን በእጅሽ አስተካክይው፣ ጥቂት ስለሆነ ይቻላል። ሪፕሊካው ላይ የኤስኪውኤል ትሬዱን (የተጎተተውን የሚያስገባውን) አቁሚ። 17ቱን የዝርዝር ረድፎች በማይኤስኪውኤል ዳምፕ፣ ዌር የሚለውን አማራጭ ተጠቅመሽ ከማስተሩ አውጪ፣ ያለ ክሪኤት ቴብል። ሪፕሊካው ላይ በሴሽንሽ ኤስኪውኤል ሎግ ቢን 0 አድርጊና (ለውጡ ባይንሎግ ላይ እንዳይጻፍ) አስገቢ። 2ቱን የስቶክ ረድፎች በአፕዴት አስተካክይ። በሪፕሌስ አይደለም! ከዚያ ትሬዱን አስነሺ።

ወዲያው ሱፐር ሪድ ኦንሊን አብሪ። ከ5.7.8 ጀምሮ አለ። ሩትንም ያግዳል፣ የሪፕሊኬሽኑን ትሬድ ግን አያግድም። ኮንፊግ ፋይሉ ላይም ጻፊው፣ አለዚያ ሰርቨሩ ሲነሳ ይረሳዋል።

ኮንፊጉን ከከፈትሽ አይቀር ስሌቭ ስኪፕ ኤረርስ የሚል መስመር እንዳለ እይ። ካለ አጥፊው። እሱ የኔ አስታማሚ ታናሽ ወንድም ነው። ስሌቭ ኤግዜክ ሞድም አይደምፖተንት ከተባለ 1062ንና 1032ን ዝም ብሎ ይውጣቸዋል፣ ስትሪክት አድርጊው። ሪሌይ ሎግ ኢንፎ ሪፖዚተሪን (ሪፕሊካው የት እንደደረሰ የሚመዘግብበትን) ደግሞ ቴብል አድርጊ፣ ሪሌይ ሎግ ሪከቨሪንም አብሪ። 5.7 ላይ ሳይነካ ከተተወ ፋይል ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ፋይሉ ከዳታው ወደ ኋላ ሊቀርና ያስገባውን ትራንዛክሽን ደግሞ ሊያስገባ ይሞክራል። 1062 ሁልጊዜ የሰው እጅ አይደለም።

በመጨረሻ ፒቲ ቴብል ቼክሰምን በየሳምንቱ አስኪጂ። ይሄ የሲንኩ ወንድም ነው፣ ግን የራሱን የውጤት ቴብል እንጂ የእናንተን ዳታ አይነካም። አንቺ በካውንት ያደረግሽው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንደኛ፣ ሁለቱን ሰርቨር በተለያየ ቅጽበት ነው የቆጠርሽው። ሁለተኛ፣ ቁጥር ብቻ ነው ያየሽው፤ የስቶክሽ ረድፍ ብዛት እኩል ነበር፣ ይዘቱ ግን የተሳሳተ። ቼክሰሙ ቴብሉን በፕራይመሪ ኪይ እየቆራረጠ የእያንዳንዱን ቁራጭ ድምር ያሰላል። ዘዴው ደስ ይላል። የማስሊያ ትእዛዙን በስቴትመንት ፎርማት በባይንሎጉ ውስጥ ይልከዋል። ስለዚህ ሪፕሊካው ቢዘገይም ባይዘገይም፣ ትእዛዙ ሲደርሰው ዳታው ማስተሩ ያን ጊዜ የነበረበት ነጥብ ላይ ነው። ሁለቱም በራሳቸው ዳታ ያሰላሉ፣ ውጤቱ ይነጻጸራል።

ጀማሪዋ

ተጠናቋል። 17ቱ ገቡ፣ 2ቱ ተስተካከሉ። ኮንፊጉ ላይ ስሌቭ ስኪፕ ኤረርስ አልነበረም፣ እፎይ ብያለሁ። ሱፐር ሪድ ኦንሊን ካበራሁ በኋላ ባልደረባዬን ጠርቼ "እስቲ በሩት ኢንሰርት አድርግ" አልኩት። ስህተት ሲያወጣበት ከኔ በላይ ደስ ያለው እሱ ነው።

ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ቼክሰም አስኬድኩ። የኦርደር፣ የዝርዝርና የስቶክ ቴብሎች ልዩነት 0። ግን የዋጋ ታሪክ የሚባለው ቴብል ላይ 1 ቁራጭ ተለየ። በቁራጩ ውስጥ ረድፍ በረድፍ ሳስተያይ አንድ ረድፍ አገኘሁ። የገባው ከአንድ ዓመት በላይ ነው። እኔ እዚህ ሥራ ሳልጀምር።

ኤረር ሎጉ እስከዚያ ድረስ ወደ ኋላ አይሄድም። የሰውየውን ስልክ ፈልጌ ደወልኩለት። ሳልጨርስ "ስንት ጊዜ እንደዘለልኩ እኔም አላውቅም" አለኝ። ሪፕሊካውን ቅዳሜ ከማስተሩ ባክአፕ እንደ አዲስ ልገነባው ነው።

አሮጌ ሰርቨር

ጥሩ አደረግሽ። አዲሱን ስትገነቢ ጂቲአይዲንም አስቢበት። ከዚያ በኋላ ሪፕሊካው ላይ በቀጥታ የተጻፈ ነገር የራሱን የሰርቨር መታወቂያ ይዞ ይቀመጣል፤ በጂቲአይዲ ሰብትራክት ሁለቱን ስታቀናንሺ የትኛው ሰርቨር ላይ እንደተጻፈ ፊት ለፊት ይወጣል። ባይንሎጉ ሪፕሊካው ላይም መብራቱን ብቻ አረጋግጪ። እና የድሮውን ሪፕሊካ ወዲያው አታጥፊው፣ ያ የዋጋ ረድፍ ማስተሩ ላይ ነው ወይስ ሪፕሊካው ላይ የተበላሸው የሚለውን ገና አላጣራሽም።